ለተራራ ጉዞ የሚሆን ቀላል ትራስ ምን ትመክሩኛላችሁ? አንገቴ አልቋል

የጦሳ ልጅ

ሰላም ጀመዓው፣ እንዴት ናችሁ? ጥያቄዬ የቅብጠት ሊመስል ይችላል፣ ግን አትሳቁብኝ። እሺ ሳቁ፣ ግን መልሱልኝ።

ደሴ ነው የምኖረው። ከአራት ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜና እሁድ ቦርሳ አዝለን መውጣት ከጀመርን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። ጦሳን እንደ ጓሯችን ነው የምናየው። ሐይቅ ዳር አድረናል፣ አርድቦ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ድንኳን አለን፣ የመኝታ ከረጢት አለኝ፣ ከስር የማነጥፋት ስስ ፎምም አለችኝ። የሌለኝ ትራስ ነው። እስካሁን ጫማዬን በፌስታል ጠቅልዬ ስንተራስ ነው የከረምኩት። ባለፈው አርድቦ ያደርን ጊዜ ግን አንገቴ ተቆልፎ ተነሳሁ። ሰኞ ሥራ ገብቼ ሰው ሲጠራኝ እንደ ሮቦት በሙሉ ሰውነቴ ነበር የምዞረው፣ አለቃዬ የኮራሁበት መስሎት ቀኑን ሙሉ ፊቱን አጠቆረብኝ።

አሁን ለጥቅምት፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ስሜን ተራሮች ልንሄድ አስበናል። ሳንቃ በር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፣ አራት ሌሊት። በጫማ ተንተርሼ አራት ሌሊት አልችልም። ቦርሳዬ ምግቡ ሳይገባ እንኳ ወደ 10 ኪሎ ስለሚጠጋ የቤት ትራስ ይዤ መውጣትም አልችልም። ሦስት ነገር አስቤያለሁ። የአክስቴ ልጅ ከጅዳ ስለምትመጣ የሚነፋ ትራስ ላስመጣ? ሰኞ ገበያ ወርጄ ቁራጭ ስፖንጅ ላስቆርጥ? ወይስ ልብሴን ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቄ ልተኛ? በጎኔ ነው የምተኛው፣ ይሄ ለውጥ ካለው።

ዝምታ

ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ ነው ሰማይ ድረስ የደረሰ መሰላል ያየው። አንተ ፎም ላይ ተኝተህ ስለ ትራስ ታለቅሳለህ።

የጦሳ ልጅ

@ዝምታ ያዕቆብ ሰኞ ቢሮ አልገባም ነበር።

ቦርከና ዳር

አብሽር ወንድሜ። እኔ ከኮምቦልቻ ነኝ፣ በዚህ ትራስ ነገር ብዙ ገንዘብም ብዙ እንቅልፍም ያባከንኩ ሰው ነኝና ትንሽ ላስረዝም።

መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግካት «በጎኔ ነው የምተኛው» ናት ዋናዋ። ሰው ሁሉ ስለ ግራም ነው የሚያወራው። ግራሙ በኋላ ይመጣል፣ መጀመሪያ ከፍታው ነው። በጀርባው የሚተኛ ሰው ዝቅ ያለች ነገር ትበቃዋለች፣ በሆዱ የሚተኛ ጭራሽ ባይኖረውም ይሻላል። በጎኑ የሚተኛ ግን በጆሮውና በትከሻው ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት ካልተሞላለት አንገቱ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ያድራል። የሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፣ እሱን ስድስት ሰዓት አንጠልጥለህ ስትነሳ እንደ ሮቦት ብትዞር አይገርምም።

ሌላ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ቤትህ ፍራሽ ላይ ስትተኛ ትከሻህ ይሰምጣል፣ ስለዚህ የቤት ትራስህ ዝቅ ቢልም ይበቃሃል። መሬት ላይ ስስ ፎም አንጥፈህ ስትተኛ ግን ትከሻህ የትም አይሰምጥም። ስለዚህ ሜዳ ላይ ከቤትህ የበለጠ ከፍ ያለ ትራስ ነው የሚያስፈልግህ! ሰው ግን ቀላል ይሁን ብሎ የባሰ ስስ ይዞ ይወጣል። ለመለካት ግድግዳ አጠገብ በጎንህ ቁም፣ ትከሻህን ግድግዳው ላይ አስደግፍ፣ ጭንቅላትህን ቀጥ አድርግ፣ ከዚያ አንድ ሰው ከጆሮህ በላይ እስከ ግድግዳው ያለውን በማስመሪያ ይለካልህ። ከዚያች ቁጥር በጣም ያልራቀ ትራስ ነው የምትፈልገው።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ። የሚነፋው ከሁሉ ቀላል ነው። ታዋቂው የሲ ቱ ሰሚት ኤሮስ አልትራላይት 60 ግራም ገደማ ነው፣ ሌሎቹም ከ100 ግራም ብዙ አይርቁም። ሲጠቀለል በጡጫ ውስጥ ይገባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከፍታውን እንደፈለግክ ታደርገዋለህ፣ ለጎን ተኚ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ስፖንጅ ያለበቱ ለጉንጭ ይመቻል፣ ድምፅም የለውም፣ ግን ከ200 ግራም በላይ ሆኖ ቦርሳህ ውስጥ የአንድ ዳቦ ቦታ ይይዝብሃል። ከሰኞ ገበያ የምታስቆርጠው የፍራሽ ስፖንጅ ደግሞ ታጥፎ አይጠቀለልም፣ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ነው የሚያድረው። ተወው። ለባሕር ዳርቻ ተብሎ የሚሸጠውን ወፍራም ፕላስቲክም ተወው፣ ይከብዳል፣ ብርድ ሲነካው ይደርቃል፣ ስፌቱ ላይ ይሰነጠቃል። በአንገት የሚጠለቀው የመኪና ትራስ ተቀምጦ ለሚያንቀላፋ ነው፣ ለተኛ ሰው አይሆንም።

ጅዳ ያለችዋ ዘመድህ ብታመጣልህ ጥሩ ነው። ደህናው ከ40 ዶላር በላይ ነው፣ አልዋሽህም፣ ትራስ ነው ብለህ ለእናትህ እንዳትነግራት።

የሆጤዋ

ከ40 ዶላር በላይ ለአየር? ኧረ በአላህ!

እኔ ሴት ሆኜ፣ ከወንዶች እኩል ተሸክሜ፣ አንድም ቀን ትራስ ገዝቼ አላውቅም። ልብስ መያዣ ከረጢት አለሽ አይደል? (ይቅርታ፣ አለህ አይደል?) ሹራቡን፣ ትርፍ ሱሪውን፣ ካልሲውን ትጠቀጥቅና ላዩን በሽርጥ ትጠቀልላለህ። ወሎዬ ሆነህ ሽርጥ የለኝም እንዳትለኝ። ሽርጥ ፎጣ ነው፣ መጋረጃ ነው፣ መስገጃ ነው፣ ፀሐይ ሲበዛ ራስ ላይ ነው፣ ማታ ደግሞ የትራስ ልብስ ነው። ተጨማሪ ክብደቱ ዜሮ፣ ለምን ቢባል ሁሉንም እንደሁ ትሸከመዋለህ።

አንድ ነገር ብቻ ልምከርህ። ልብሱን ዝም ብለህ አታጉረው። ሱሪውን እንደ ጥቅልል አድርገህ ከአንገትህ ስር በሚሆነው ጠርዝ በኩል አስገባ፣ ለስላሳውን በመሐል። አንገትህን የሚደግፈው ያ ጥቅልል ነው። ዚፑና ቁልፉ ወደ ውስጥ ይሁን፣ አንዴ የጃኬት ዚፕ ጉንጬ ላይ መስመር አትሞብኝ ሰው ሁሉ ምን ሆነሽ ሲለኝ ነበር የዋለው።

ቦርከና ዳር

@የሆጤዋ እህቴ፣ ለሐይቅና ለአርድቦ እስማማለሁ፣ ሽርጧን ደግሞ ተምሬያለሁ። ግን እሱ የሚሄደው ግጭ ነው።

አስቡት። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ነው፣ ግጭ 3600 ይደርሳል። በየ1000 ሜትሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይቀንሳል ብለህ ብታሰላው፣ የደሴ ጥቅምት ሌሊት ላይ ሌላ 7 ዲግሪ ብርድ ትጨምርበታለህ። የደሴን የጥቅምት ሌሊት የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፣ ኮዳ ውስጥ ያለ ውኃ ሊረጋ የሚችልበት ብርድ ነው። እንዲህ ባለ ሌሊት ሹራብህንም፣ ትርፍ ሱሪህንም፣ ካልሲህንም ለብሰህ ነው የምትተኛው። እና ትራሱ ውስጥ ምን ቀረ? የልብስ ትራስ ችግሩ ይሄ ነው፣ ሌሊቱ በቀዘቀዘ ቁጥር ትራሱ እየጎደለ ይሄዳል። በሞቃት ሌሊት የድሎት ትራስ ይኖርሃል፣ በብርድ ሌሊት ባዶ ከረጢት። በበልግ ወጥተን ልብሳችን ሁሉ የራሰ ጊዜም ያው ነው፣ እርጥብ ሹራብ ማን ይንተራሳል?

የሆጤዋ

እሺ፣ ይቺን አላሰብኳትም ነበር። ስሜን ሄጄ አላውቅም። ግን 40 ዶላሩን አልቀበልም።

ጡረተኛው ሾፌር

ልጆች እንደምን አላችሁ። ይሄን ጽሑፍ የልጅ ልጄ አሳየኝና ሳቅሁ።

እኔ በደርግም ከዚያ በኋላም የአሰብ መንገድ ላይ ነበርሁ። አሰብ እስኪዘጋ ድረስ። ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ እያልን ስንወርድ የምናድረው ጋቢና ውስጥ ነው፣ ሙቀቱ ሲብስ ደግሞ መኪናው ስር። ትራሳችን የታጠፈ ጋቢ ነው። ሲሞቅ ትራስ፣ ሐረጎ ላይ ብርዱ ሲቀበለን ልብስ። ከሱ የሚሻል እስካሁን አላየሁም።

የአፋር ከብት ጠባቂዎች ደግሞ ከእንጨት የተጠረበ ብርኩማ ይዘው ይዞራሉ። ትንሽ ናት፣ ቀን ይቀመጡባታል፣ ማታ አንገታቸውን ያሳርፉባታል። ጸጉራቸው አሸዋ አይነካም፣ ከስር ንፋስ ያልፋል። አንዱ ወዳጄ ሰጥቶኝ ሞከርኋት። ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ንጉሥ የሆንሁ መሰለኝ፣ ከዚያ ጆሮዬ የኔ መሆኑን ረሳሁት። እሷን የለመደ ብቻ ነው የሚችላት።

አንተ ልጅ ግን አንገትህን ትራስ አይደለም የጎዳህ፣ ብርድ ነው የመታህ። የሐይቅ ዳር ብርድ ተንኮለኛ ነው። ኮፍያ አድርገህ ተኛ።

የጦሳ ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ እርስዎ እዚህ መኖርዎ ደስ ይላል። ጋቢውን አስቤው ነበር፣ ግን የእናቴን ጋቢ ሱቅ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 1 ኪሎ ከ400 ሆነብኝ። እኛ መኪና የለንም ጋሼ፣ ጀርባ ነው ያለን። ኮፍያውን ግን እሞክራለሁ።

@ቦርከና ዳር የሚነፋው ሌሊት ይተነፍሳል የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እውነት ነው? ቢበሳስ? ስሜን ላይ ጎሚስታ የለም።

ቦርከና ዳር

አብዛኛው ጊዜ አይተነፍስም፣ ይቀዘቅዛል እንጂ። በአፍህ ስትነፋው የምታስገባው አየር የሰውነትህ ሙቀት አለው፣ 35 ዲግሪ አካባቢ። ሌሊት ድንኳኑ ውስጥ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ ያ አየር ይኮማተራል። ብታሰላው አንድ አስረኛው ገደማ ይጎድላል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ትነቃና ትራስህ ለስልሶ ታገኘዋለህ፣ «ተበሳ!» ብለህ ትደነግጣለህ፣ ግን ምንም አልሆነም። መፍትሔው ቀላል ነው፣ እራት ከመብላታችሁ በፊት ንፋው፣ እዚያው ብርዱ ላይ ይቆይ፣ ልትተኛ ስትል ሁለት ትንፋሽ ጨምርበት። ከዚያ ጭንቅላትህን አስቀምጥና ቫልቩን ነካ እያደረግክ እስኪመችህ ድረስ ልቀቅ። ጢም ብሎ የተነፋ ትራስ እንደ ኳስ ነው፣ ጭንቅላትህን ወዲያ ነው የሚወረውረው። ብዙ ሰው ጠልቶ የሚጥለው በዚህ ነው።

ከፍታም እንዲህ ይጫወታል። ኮምቦልቻ የገዛችሁት የቺፕስ ፓኬት ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ ተወጥሮ ሊፈነዳ ሲል አይታችሁ የለ? ያው ነው። ስለዚህ ትራሱን ግማሽ ተነፍቶ ቦርሳ ውስጥ አታጉረው፣ ሙሉ በሙሉ አስተንፍሰህ ጠቅልለው።

ከትንፋሽህ ጋር እርጥበትም ይገባል። ከጉዞ ስትመለስ ቫልቩን ከፍተህ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ስቀለው፣ አለበለዚያ ውስጡ ይሻግታል። የኔ የመጀመሪያው እንደዚያ ነው ያለቀው፣ ሽታው የከረመ እርጎ።

ለመበሳት፣ ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክረህ አረፋ የሚወጣበትን ታያለህ። ሜዳ ላይ ከሆንክ የሳሙና ውኃ ቀባበት። ማስቲሽ ለጎማ ነው የሚይዘው፣ እነዚህ ጨርቆች ላይ ቆይቶ ይላጣል። ቁራጭ መለጠፊያ ፕላስተር አብሮት ከመጣ እሱን ያዝ፣ ቦታውን አድርቀህና አጽድተህ ለጥፈው።

መርፌና ክር

ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ተራራ አልወጣም፣ ደረጃ መውጣትም አልወድ። ግን የምታወሩት ነገር የኔ ሥራ ስለሆነ ገባሁ።

ለምን ሁለቱን አታጋቡትም? የትራስ ልብስ ስፉ። አንዱን ገጽ ከአሮጌ ፍሊስ ሹራብ ቁረጡት፣ ሳልቫጅ ላይ በርካሽ ይገኛል፣ ጉንጭ ላይ አይቀዘቅዝም፣ አያልብም። ሌላውን ገጽ ከተሰበረ ጃንጥላ ጨርቅ። ጃንጥላ ጨርቅ ክብደት የሚባል የለውም፣ እርጥበትም ቶሎ አያስገባም። ወርዱ 40፣ ቁመቱ 28 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል፣ ለስፌቱ በየጎኑ አንድ አንድ ሳንቲም ጨምሩ። አፉን በገመድ የሚሳብ አድርጉት፣ ዚፕ አታድርጉ፣ ልጅቷ ያለችው ትክክል ነው። መሐሉ ላይ ከውስጥ አንድ ኪስ ብትጨምሩ የሚነፋውን እዚያ ታስገቡና ላዩ ላይ ያላችሁን ልብስ ታደርጋላችሁ። የሚነፋው ከፍታ ይሰጣል፣ ልብሱ ልስላሴ። ልብሱን ሁሉ በለበሳችሁበት ሌሊት ደግሞ የሚነፋው ብቻውን ይሸከማችኋል።

አንድ ደንበኛዬ እንደነገረኝ እነዚህ የሚነፉት ከፎሙ ላይ እየተንሸራተቱበት ሌሊቱን ሲፈልጋቸው ያድር ነበር። ለሱ ከትራሱ ልብስ ጀርባ ሁለት ላስቲክ ሰፋሁለት፣ ፎሙ ጫፍ ላይ እንዲጠልቅ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም፣ ወይ ተመችቶታል ወይ ተራራው ላይ ቀርቷል።

የሆጤዋ

@መርፌና ክር ላስቲክ የሌለው ሰው ሽርጡን በፎሙና በትራሱ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሞ ከስር ቢቋጥረው ይይዛል። ሽርጥ ብያችኋለሁ።

እና ጃንጥላ አምጥቼ አሰፋለሁ፣ ሱቅህ የት ጋ ነው?

ዝምታ

ለአራት ሌሊት ስሜን ላይ በቅሎ ይከራያል እኮ። ጭነቱን በቅሎ ከተሸከመ የቤትህን ትራስ ይዘህ ሂድ።

የጦሳ ልጅ

@ዝምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁም ነገር ተናገርክ። ግን ራሳችን ልንሸከም ተወራርደናል፣ የተሸነፈ ዶሮ ወጥ ያበላል።

የጦሳ ልጅ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ ውጤቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ግድግዳው አጠገብ ቆሜ እህቴ ለካችኝ፣ 14 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ጫማዬን በፌስታል ስለካው ጭንቅላቴ ሲያርፍበት 7 አይሞላም ነበር። ምስጢሩ ይሄ ነው። የአክስቴ ልጅ የሚነፋውን አመጣችልኝ፣ 80 ግራም ነው፣ ስንት እንደገዛችው አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስሜን ድረስ ሄጄ ከማፍር ብዬ መጀመሪያ በረንዳችን ላይ ፎሜን አንጥፌ ተኛሁ። እናቴ «ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?» ብላ ሁለቴ ወጥታ አየችኝ።

የመጀመሪያው ሌሊት ልክ እንደተባለው 9 ሰዓት ላይ ነቃሁ፣ ትራሱ ሟሟ። ተታለልን ብዬ ጠዋት ሳፋ ውስጥ ነከርኩት። አንድም አረፋ የለም። @ቦርከና ዳር ይቅርታ፣ አንብቤው ነበር ግን አላመንኩህም። በሁለተኛው ሌሊት እራት በፊት ነፋሁት፣ ልተኛ ስል ጨመርኩበት፣ እስከ ንጋት ያዘ። የቀረው ችግር ድምፁ ነው፣ በተገላበጥኩ ቁጥር እንደ ፌስታል ይንኮሻኮሻል።

ከዚያ ልብሱን አሰፋሁለት፣ በፍሊስና በጃንጥላ። ድምፁ ጠፋ ማለት ይቻላል። ልብሱ 50 ግራም ሆነ፣ ከትራሱ ጋር 130። ባለፈው ቅዳሜ አርድቦ ወሰድኩት፣ ላዩ ላይ ቲሸርቴን ብቻ አጥፌ አደረግኩበት፣ ሹራቡን ለብሼው ነበር። ጠዋት ተነስቼ መጀመሪያ ያደረግኩት አንገቴን ግራ ቀኝ ማዞር ነው። ይዞራል! ሰኞ አለቃዬን በአንገቴ ብቻ ዞሬ ሰላም አልኩት።

ብቸኛው ቅሬታዬ ጓደኞቼ ናቸው። በየተራ «እስቲ አንዴ» እያሉ ሲሞክሩት አንዱ እላዩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፣ ለማስነሳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ቦርከና ዳር

አልሃምዱሊላህ። 14 ሳንቲም ያልከው የጎን ተኚ ልክ ነው። ስሜን ላይ ፎሙ ስስ ከሆነብህ ግን ከትራሱ በፊት ከስር ሌላ ነገር ደርብ፣ ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው።

ጡረተኛው ሾፌር

ኮፍያውስ?

የጦሳ ልጅ

አድርጌ ነው የተኛሁት ጋሼ።

ጡረተኛው ሾፌር

እሱ ነው ያዳነህ።